ዝምታህን አላስሞላም

ገሜ ሆዴ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። ለሞተ ሰው ሲጻፍ ቀስ ተብሎ፣ በለሆሳስ ነው የሚጀመረው ይሉኛል። እኔ ግን ተናድጄ ነው የምጽፍልህ፤ ለምን እንደሆነ ስትሰማ አንተም ትናደዳለህ። ከንዴቴ ትንሿ አንተንም ትመለከታለች፣ እሷን ወደ በኋላ አነሳታለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ሌንሳ አራተኛ ክፍል ገባች፤ ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ሊደርስ ነው። አንድ ነገር አልሆን ሲላት ግንባሯን የምትቋጥረው ልክ እንደ አንተ ነው። ስቱዲዮህ የሞባይል ጥገና ሆኗል። ተከራዩ ጨዋ ልጅ ነው፣ ያንተን ታፔላ ሳያወርድ የራሱን ከሥሩ ሰቀለ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ የሰርግ ቪዲዮ የሚጠይቁ ሰዎች ይመጡበታል፣ እሱም ወደ እኔ ይልካቸዋል። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት፣ እዚያው ኬሚስትሪ ነኝ። ቤተሰቦችህ በእምነታችን ተዝካር የለም ስላሉ አላወጣሁልህም፤ እናቴ ከደብረ ማርቆስ ደውላ ተቆጣችኝ። አባትህ ጉልበታቸው አልታዘዝ ቢላቸው ከሸነን አምጥቻቸው አሁን ከእኛ ጋር ናቸው። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላሉ። ሰላምታ ሳይመልስ ያለፈ ካለ እስከ ምሳ ድረስ ስሙ ከአፋቸው አይወርድም።

እኔን "ኢንተላ ኮ" ነው የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። የመጀመሪያው ቀን ግን እንዲያ አላሉኝም። ታስታውሳለህ?

አምቦ በመምህርነት ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ኦሮምኛ የማውቀው ለሽንኩርትና ለቲማቲም በሚበቃ ልክ ነው። ከአባትህ ጋር ልታስተዋውቀኝ ሸነን ወሰድከኝ። አባትህ ኦቦ ድንሳ ለእንግዳ ክብር ብለው ተረት ጀመሩ፤ አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ ትተረጉምልኛለህ። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩና ቆሙ። አዩኝ። እኔ እጄን አጣምሬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ በአክብሮት ዝም። እናቴ ያሳደገችኝ እንዲያ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲናገር ትንፍሽ አይባልም፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አባትህ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደገሙት። እንደገና ቆሙ። እኔ ጭራሽ ትንፋሼን ዋጥኩ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉና ስለ ዝናቡ መዘግየት ማውራት ጀመሩ። ተረቱ እዚያው ቀረ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በሳቅ እየፈረስክ ነገርከኝ። እናንተ ዘንድ ተረት የሚነገረው ለሁለት ነው። ተናጋሪው አንድ ይላል፣ ሰሚው "ኤዬ" ይላል፤ አዎ፣ እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል ማለት ነው። "ኤዬ" የሚል ከሌለ ተረቱ አይቀጥልም። ተራኪውም ለራሱ "ኤዬ" አይልም፤ ለግድግዳ የሚያወራ ሰው የለም። እኔ ያከበርኳቸው መስሎኝ "በቃዎት" ብያቸዋለሁ ለካ! ከማፈሬ የተነሳ ዓይኔን ከመስኮቱ አልነቀልኩም። አንተ ግን ጉደር ስንደርስ ሳቅህን ድንገት አቆምክና "አባዬ ሲጠብቅሽ ፊቱን አየሽው? እኔ መቅረጽ የምፈልገው ያንን ፊት ነው" አልከኝ። የኔን ውርደት ይዘህ ፊልም ሠሪ ልትሆን ወሰንክ። ይህን ስልህ ሁልጊዜ ትስቅ ነበር።

ያኔ ሥራህ ሰርግ ነበር። ከአምቦ እስከ ጊንጪ ካሜራህ ያልገባበት ዳስ የለም። ሌላው ቪዲዮ ቀራጭ የሽማግሌዎችን ምርቃት ቆርጦ ዘፈን ይለጥፍበታል፤ አንተ ከነአሜኑ፣ ከነሳሉ፣ ሙሉውን ታስገባዋለህ። የጉደሩን ሙሽራ መቼም አትረሳውም። "ሰርጌን የሽምግልና ጉባኤ አስመሰልከው!" ብሎ ስቱዲዮው በር ላይ ጮኸ። አልቆረጥክለትም። ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚያ የመረቁት አያቱ ሲሞቱ መጣና፣ እዚያው በር ላይ ቆሞ፣ ያቺን ምርቃት ቅዳልኝ ብሎ አለቀሰ። ቀዳህለት፤ አንዲት ቃል አልተናገርከውም። እኔ ብሆን "አላልኩህም?" ሳልለው አልለቀውም ነበር።

የመጀመሪያዋን አጭር ፊልም በዚያችው የሰርግ ካሜራ ሠራሃት። በድምፁ አባትህ ለሰሚው መልስ ቦታ እየተዉ የድሮ ተረት ያወራሉ፣ በምስሉ የዛሬዋ አምቦ ከነጋሪዋ ከነባጃጇ ትታያለች። ሽማግሌዎቹ ተረታችንን ማሽን ውስጥ ከተተው ብለው አኮረፉህ። ወጣቶቹ ደግሞ ካሜራ ይዞ ተረት ያወራል ብለው ሳቁብህ። "ከሁለት ያጣ ሆንክ" አልኩህ። "ከሁለት ያገኘ በይኝ" አልከኝ። ሰው እንዴት እንዲህ ግትር ይሆናል ብዬ ነበር፤ ግትርነት እንደ ጉንፋን እንደሚጋባ ያኔ አላወቅኩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም ከአንተ ባላነሰ አውቀዋለሁ። አንተ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልክ ስትናገር ስክሪፕቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሐሮ ወንጪ ሐይቁ ላይ ጀልባዋ ስታጋድል አንተ ወደ ውሃው፣ ካሜራው ወደ ቀዛፊው እጅ የሄደበትን ቀን አውቃለሁ። መንገድ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ተዋናዮችህ ከጊንጪ መምጣት ያቃታቸውን ወራት አውቃለሁ። ሌላው በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ አንተ በሰፈሩ እየዞርክ ሽማግሌ ትቀርጽ ነበር። "ሰው ቤቱ ሲውል ያወራል፤ ለእኔ ሥራ ነው" ትለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ እስክትመለስ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

አንድ ጊዜ ፊልምህ ምዕራብ አፍሪካ ድረስ ለፊልም ፌስቲቫል ተጋበዘ። ያለችህን አንዲት ኮት ለብሰህ ሄድክ። ከዳኞቹ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ በየመሃሉ ድምፁ የሚጠፋው ማጉያው ተበላሽቶ ነው ወይ ብሎ ጠየቀህ። አንተም "ማጉያው ደህና ነው፤ የጠፋው የእናንተ ድምፅ ነው" አልከው። ባዶ እጅህን ተመለስክ። ከኤርፖርት እስከ አምቦ ግን የምታወራው ስለ ሽልማቱ አልነበረም። አዳራሹን የምታጸዳ አንዲት ሴት መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ ቋንቋውን ሳታውቅ፣ አባትህ በቆሙ ቁጥር በራሷ ቋንቋ ስትመልስ ሰምተሃታል። እሷ ከሰማች ይበቃኛል አልክ።

"ፈረሴን ያያችሁ" ላይ ስትደርስ ታመምክ። ይህን ፊልም ሳስበው ዛሬም ፈገግ እላለሁ። አባትህ ካሜራ ፊት ተቀምጠው ፈረሱ ስለጠፋበት የድሮ ሰው ይተርካሉ። ምስሉ ላይ የምናየው ግን ባጃጁ የተሰረቀበትን የአምቦ ልጅ ነው፣ እስከ ጊንጪ መናኸሪያ ድረስ ያገኘውን ሁሉ "አይታችኋል?" እያለ ሲጠይቅ። አባትህ "ፈረሱ ቀይ ነበር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረው" ይላሉ፤ ልጁ ስልኩን አውጥቶ የባጃጁን ፎቶ ያሳያል። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ አባትህ ይቆማሉ፣ ወደ ካሜራው ያያሉ፣ ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት ተመልካቹን ነው።

ካሜራ ደግሞ "ኤዬ" አይልም። ስለዚህ ስትቀርጽ፣ አባትህ እንዲቀጥሉልህ፣ ከካሜራው ጀርባ ሆነህ የምትመልስላቸው አንተ ነበርክ። ኤዲቲንግ ላይ ደግሞ ያንኑ "ኤዬ"ህን አንድ በአንድ ማጥፋት ነበረብህ፣ ቦታው ለተመልካቹ ክፍት እንዲሆን። ሠላሳ ሰባት ቦታ ነበር። አልጋ ላይ ሆነህ፣ ላፕቶፑን ትራስ ላይ አስቀምጠህ፣ ራስህን ስትሰርዝ አይቼሃለሁ። ጉበትህ ነው የጨረሰህ። ዓይንህ ቢጫ ሆኖ፣ እግርህ አብጦ፣ ትሰርዛለህ። "እረፍ እንጂ" ስልህ መልስህ "ጥቂት ቀረኝ" ነበር።

ያቺ ትንሿ ንዴቴ ይቺ ናት። ለሰው ሁሉ ቦታ ስትለቅ ለእኔ አንዲቷን እንኳ ብታስቀርልኝ ምን ነበረበት? ከሞትክ በኋላ ድምፅህን ፍለጋ ቤቱን ሳገላብጥ፣ ካሴቱንም ፍላሹንም ስከፍት፣ ያገኘሁት የሰው ሰርግ ብቻ ነው፤ የፊልሞችህን ጥሬ ቀረጻ ቦታ እንዳይፈጅብህ ታጠፋው ነበር። ቀራጩ አንተ ነበርክና አንዱም ላይ የለህም። ሌንሳ "አባዬ እንዴት ነበር የሚያወራው?" ብላ ስትጠይቀኝ በራሴ አፍ ላስመስልላት እሞክራለሁ፤ አይመጣልኝም።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋት ልምጣ፤ እሱ የእኔ ነው። በሞትክ በስድስተኛው ወር አንድ የአዲስ አበባ ፕሮዲዩሰር ደወለልኝ። ፊልሙን ለሲኒማ ቤት አበቃዋለሁ፣ የገመቹ ስም ተረስቶ አይቀርም አለኝ። ሐዘን ላይ ነበርኩ። ስምህን በመልካም ያነሳ ሰው ሁሉ ዘመድ ይመስለኝ ነበር። የፊልሙን ሃርድ ዲስክ አንድ ጊዜም ልከፍተው ሳልደፍር በሁለት እጄ አስረከብኩት፣ "እርስዎ ያውቃሉ፣ እንደሚሆን ያድርጉት" አልኩት። ይህን ቃል ተመልሼ ብውጠው ደስ ይለኝ ነበር። ወረቀት ላይ ሳልፈርም መቅረቴ ብቻ ነው ኋላ ያዳነኝ።

ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ድምፁ ጠፍቶ ቆየና ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ "አለቀ" ብሎ ቅጂውን ላከልኝ። ሳሎን ውስጥ እኔ፣ ሌንሳና አባትህ ላፕቶፑን ከበብን። ስክሪኑ ላይ ያሉት አባትህ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ተናገሩና ቆሙ። በዚያች ዝምታ ላይ ኪቦርድና ዋሽንት ገባባት። ሁለተኛዋም ላይ ገባ። ሦስተኛዋ ላይ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ መጣና "ፈረስ በጥንቱ ዘመን የክብር ምልክት ነበር" ብሎ ያስረዳን ጀመር። ሶፋው ላይ ያሉት አባትህ ከዘራቸውን ፈለጉ።

"ኢንተላ ኮ፣ ይሄ ሳይሰማ ኤዬ የሚለው ማነው?" አሉኝ።

ሙዚቃ ነው፣ ማጀቢያ ይባላል አልኳቸው። "ሙዚቃ ከሆነ ሰርግ ይሂድ" ብለው ወደ በረንዳቸው ወጡ። ያን ቀን አንድም መንገደኛ ሰላም አላሉም። ሌንሳ ግንባሯን ቋጥራ ላፕቶፑን ዘጋችው።

ሰው አማከርኩ። ባለሙያ ነው፣ ሥራውን ያውቃል አሉኝ። ተመልካች ዝምታ አይወድም አሉኝ። አንዱ የስታፍ ሩም ወዳጄማ፣ ክፉ አስቦ አይደለም፣ "ባለቤቱ የለ፣ ማን ይጠይቃል" አለኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። እና እኔ ምንድን ነኝ? አጥሩ ሲነቀነቅ ቆሜ የማይ ጎረቤት ነኝ?

በማግስቱ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ፣ ለካ ድምፄን አውጥቼ ኖሯል፣ ጊንጪ ላይ ረዳቱ "እህት፣ ከማን ጋር ነው ጠቡ?" አለኝ። "ካንተ ጋር አይደለም" አልኩት። እስከ አዲስ አበባ አንድም ሰው አጠገቤ አልተቀመጠም።

ፕሮዲዩሰሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ስቱዲዮው ውስጥ አስቀምጦ ሻይ አዘዘልኝ፣ አንተንም በወጉ አነሳህ። ከዚያ እንደ ሐኪም እያባበለ፣ ተመልካችን አምስት ሰከንድ ዝም ካልነው ስልኩን ያወጣል አለኝ። ክፍተቶቹ የጀማሪ ስህተት ናቸው፣ ገመቹ ጊዜ ስላጣ ነው፣ እኛ አስተካክለንለታል አለኝ። መቼም ሥራውን ማሳየት ፈልጎ፣ "መጨረሻው ላይ እንዲያውም የሆነ ሰው ድምፅ ሾልኮ ገብቶበት ነበር፤ እሱንም አጽድተነዋል" ብሎ ጨመረልኝ።

የተለማመድኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። "የማን ድምፅ?" አልኩት። አላውቅም አለ። ዋናውን ክፈቱልኝ አልኩ። ከፈቱት። አባትህ የተረቱን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፤ ሰውዬው ፈረሱን አላገኘውም፣ የጠየቀው ሰው ሁሉ ግን እስከ ዛሬ አብሮት ይፈልጋል። ይቆማሉ። ወደ ካሜራው ያያሉ።

ከካሜራው ጀርባ "ኤዬ"።

አንተ ነህ። ትንሽ ሻከር ያልክ፣ ሳቅ ሊቀድምህ የደረሰ። ሠላሳ ስድስቱን ሰርዘህ ሠላሳ ሰባተኛዋ ላይ ሳትደርስ ሞት ቀደመህ። "ጥቂት ቀረኝ" ያልከኝ ይቺን ነበር። ለእኔ ብለህ እንዳላስቀረሃት አውቃለሁ፣ ራሴን አላታልልም። ብትኖር ሰርዘሃት ነበር። ግን አልኖርክም፣ እሷ ግን አለች፤ ይሄ ሰው ደግሞ ቆሻሻ ናት ብሎ ጠርጓታል።

እንባዬ መጣ፤ ንዴቴ ግን ቀደመው። ሃርድ ዲስኬን ስጡኝ አልኩ። እንደዚህ ከሆነ ሲኒማ ቤት አይገባም አለኝ። ይቅር አልኩት። ማንም አያየውም አለኝ። እሱን እናያለን አልኩት። ይቺን የመጨረሻዋን ብቻ እንመልስልሽ፣ ሌላው በሙዚቃው ይሁን ብሎ ሊያስታርቀኝ ሞከረ። ገሜ፣ እዚህ ላይ ለአንድ አፍታ ልቤ አመነታ፤ ልዋሽህ አልፈልግም። የምፈልገው ድምፅህን ነበር፣ እሱን እየሰጠኝ ነው። ከዚያ ግን ሸነን ላይ የጠበቁኝ የአባትህ ፊት ትዝ አለኝ። የሌላውን ሰው ሁሉ ቦታ ሰጥቼ የራሴን ድርሻ ይዤ ልሂድ? አባትህ እንደሚሉት "ሂን ታኡ!" አልኩት። አይሆንም ማለት ነው፤ በኦሮምኛው ሲሆን ይከብዳል። ሃርድ ዲስኩን ቦርሳዬ ውስጥ ሳይሆን ብብቴ ሥር ይዤ አምቦ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ የኬሚስትሪ መምህር ሥራ አልነበረም። አምስት ሜትር አቡጀዲ አሰፋሁ። ያንተ የሰርግ ወዳጆች ፕሮጀክተር፣ ሞንታርቦና ጄኔሬተር አዋሱኝ። ርዕሰ መምህሩ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ለቅዳሜ ከሰዓት ፈቀዱልኝ። መስኮቶቹን በብርድ ልብስና በካርቶን ደፈንናቸው፤ ሌንሳ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ፕላስተር ታቀብለኛለች። ሰው ይመጣል ብዬ ብዙም አልጠበቅኩም። መጣ። ተማሪዎቼ፣ መምህራኑ፣ ከየክልሉ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ከገበያ ሲመለሱ ጎራ ያሉ ገበሬዎች፣ ፊልሙ ላይ የታዩት የባጃጅ ሾፌሮች በሙሉ። የጉደሩ ሙሽራም ሁለት ልጆቹን ይዞ መጣ። አባትህን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው።

ጀመረ። አባትህ የመጀመሪያዋን ተናገሩ፣ ቆሙ። አዳራሹ ጭጭ። ከኋላ አንዱ "ድምፅ!" ብሎ ጮኸ፣ ፉጨት ተከተለው። ሁለተኛዋ ላይ የስልክ መብራት እዚህም እዚያም ብልጭ ብልጭ አለ። አምስት ሰከንድ ያለኝ ሰውዬ ትዝ አለኝ፤ እውነቱን ይሆን እንዴ አልኩ። ሦስተኛዋ ላይ አቡጀዲው ላይ ያሉት አባትህ ይጠብቃሉ፣ ወንበር ላይ ያሉትም ይጠብቃሉ። ትንፍሽ እንዳትዪ ተብዬ ያደግኩት ሴትዮ ብድግ አልኩና "ኤዬ!" አልኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ። ተማሪዎቼ ሳቁብኝ። ይሳቁ።

አራተኛዋ ላይ ሌንሳ አብራኝ አለች። አምስተኛዋ ላይ በሩ አጠገብ የቆሙት የባጃጅ ልጆች ተቀበሉን። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳቸው! ገበሬዎቹ ድሮም የሚያውቁት ነገር ነው፣ የቸገራቸው ፊልም ላይ ይፈቀድ አይፈቀድ ብቻ ነበር። "እሺ" ያለም አለ፣ እኔ በማላውቀው ቋንቋ የመለሰም አለ። ፊልሙ ላይ ልጁ የራሱ መስሎት የሰው ባጃጅ ይዞ ሲሮጥ "ኤዬ"ው በሳቅ ወጣ፤ ፖሊስ ጣቢያ ሲያንገላቱት በቁጣ ወጣ። ወንበር ላይ ያሉት አባትህ ግን ፊልሙን ሙሉ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ተራኪው እሳቸው ናቸውና።

ስለ መጨረሻዋ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፣ ለሌንሳም ጭምር። አባትህ አቡጀዲው ላይ "የጠየቀው ሰው ሁሉ ግን እስከ ዛሬ አብሮት ይፈልጋል" ብለው ቆሙ። አዳራሹ በሙሉ ሊመልስ አፉን ከፈተ። አንተ ቀደምከው።

"ኤዬ።"

ከፊሉ አልገባውም። ያወቀህ ግን አወቀህ፤ የጉደሩ ሙሽራ ኮፍያውን ሲያወልቅ አየሁት። ሌንሳ እጄን ጨበጠችና "እሱ ነው?" አለችኝ። "እሱ ነው" አልኳት። ያኔ አባትህ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በዚያ እንቢ ባላቸው ጉልበት፣ ከወንበራቸው ተነሱ። በሕይወታቸው ለራሳቸው ተረት መልሰው የማያውቁት ሰውዬ ወደ አቡጀዲው እያዩ "ኤዬ፣ ኢልመ ኮ" አሉ። ኤዬ፣ ልጄ።

ገሜ፣ ፊልምህ ሲኒማ ቤት አልገባም። አይግባ! በሚቀጥለው ቅዳሜ ጊንጪ ነን፤ የመናኸሪያው ልጆች ግድግዳ ነጭ ቀለም ቀብተው እየጠበቁን ነው። አጨዳ ሲያበቃ ሸነን እንሄዳለን። ሐሮ ወንጪ ጀልባ ቀዛፊዎቹ ጄኔሬተሩን በፈረስ እናወርዳለን ብለዋል። በደረስኩበት ሁሉ ሦስተኛዋ ላይ እነሳለሁ፤ ቤት ስለማመድ ሌንሳ "እማዬ፣ አሁንስ ድምፅሽ አይሰነጠቅም" ትለኛለች። ተዝካርህ ይኸው ነው፣ ለእናቴም እንዲያ ብዬ ነግሬያታለሁ። ያንን ክፍት ቦታ በሙዚቃም፣ በወፍራም ድምፅም፣ በማንም አዋቂ ማብራሪያ አላስሞላም። እኔ ባልፍ ሌንሳ አለች፤ ግንባሯን አይተሃል።

ረሳችኝ እንዳትል። ወዲያ ማዶ የምታወራው ካለህ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገርና እንደ አባትህ ቆም በል። እኔ እንደሆንኩ ዝም ማለት ትቻለሁ።

ኤዬ ባይህ፣
ስንዱ
አምቦ